ጌት፣ ፖስት እና ሌሎቹ፦ ዌብ አፕሊኬሽናችሁ ለየትኛው ጥያቄ እንዴት ይመልስ?

እያንዳንዱ የኤችቲቲፒ ጥያቄ የሚጀምረው በአንድ ቃል ነው፤ ጌት፣ ፖስት፣ ፑት፣ ፓች፣ ዲሊት፣ ሄድ ወይም ኦፕሽንስ። ቃሉ ሜተድ ይባላል። በፍላስክ፣ በጃንጎ፣ በላራቬል ወይም በኤክስፕረስ የሚሠራ ሰው በየዕለቱ ይጽፈዋል። ሆኖም ኮርስ ላይ የሚሰጠው ማብራሪያ አብዛኛውን ጊዜ «ዳታ ለማምጣት ጌት፣ ዳታ ለመላክ ፖስት» ከሚለው አያልፍም። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም እውነተኛ ተጠቃሚ የሚገባበት ሲስተም ላይ አያዛልቅም።

ምክንያቱም ሜተዱን የሚያነበው የእናንተ ኮድ ብቻ አይደለም። በተጠቃሚው ስልክና በሰርቨራችሁ መካከል ያለው ሁሉ ያነበዋል፤ ብራውዘሩ፣ መሐል ላይ የተቀመጠው ፕሮክሲ፣ የጎግል ቦት፣ ቴሌግራም ላይ ሊንክ ሲለጠፍ ቅድመ እይታ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም። አንድን አድራሻ በጌት ስትከፍቱ «እንደፈለጋችሁ ጎብኙት፣ የሚለወጥ ነገር የለም» ብላችሁ ለእነዚህ ሁሉ ቃል ገብታችኋል። በፖስት ስትከፍቱ ደግሞ «ተጠቃሚው ሳይፈቅድ አትድገሙት» ብላችኋል። ቃሉን የምታፈርሱት እናንተ ከሆናችሁ ብራውዘሩ አያድናችሁም። ስለዚህ የሜተድ ምርጫ ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ የሚስተካከል ጉዳይ ሳይሆን ገና ከጅምሩ የሚወሰን ነው።

ምሳሌያችን የእቁብ መዝገብ ይሁን። አባላት አሉ፣ ዙሮች አሉ፣ በየዙሩ መዋጮ ይመዘገባል፣ ዕጣ ይወጣል። የገንዘብ ነገር ስለሆነ ትንሿ ስህተት ሁሉ ትታያለች። በጽሑፉ ውስጥ የኮድ ስሞችን እንደሚነገሩት በአማርኛ ፊደል አስቀምጫለሁ፤ ኤዲተራችሁ ላይ የምትጽፏቸው ግን የፍሬምወርካችሁ ሰነድ እንደሚያሳየው በላቲን ፊደል ነው።

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አድራሻዎቹን ወረቀት ላይ አስፍሩ

አንድ ገጽ ወረቀት ውሰዱና ሲስተሙ የሚያደርገውን ሁሉ ዘርዝሩ፦ አባላትን ማሳየት፣ አባል መጨመር፣ ስልክ ቁጥር ማረም፣ አባል መሰረዝ፣ መዋጮ መመዝገብ፣ ዕጣ ማውጣት። ከእያንዳንዱ ጎን ሁለት ጥያቄ መልሱ። አንደኛው፦ ይህ ሥራ ሰርቨሩ ላይ የሆነ ነገር ይለውጣል? ሁለተኛው፦ ያው ጥያቄ ሁለት ጊዜ ቢመጣ ውጤቱ አንድ ጊዜ ከመጣው ይለያል?

ለመጀመሪያው «አይለውጥም» ካላችሁ ጌት ነው፣ ነገሩ አለቀ። «ይለውጣል» ካላችሁ ወደ ሁለተኛው እለፉ። የአባልን ስልክ ቁጥር ወደ አዲሱ መቀየር አሥር ጊዜ ቢደጋገም ያው ቁጥር ነው፤ ይህ የፑት ባሕርይ ነው። አባል መሰረዝም እንዲሁ፤ ሁለተኛው ጥያቄ «404፣ የለም» የሚል ምላሽ ቢያገኝም አባሉ ከመጀመሪያውም ተሰርዟል፣ ሰርቨሩ ላይ የተጨመረ ለውጥ የለም። አዲስ አባል መጨመር ግን ሁለት ጊዜ ቢመጣ ሁለት አባል ይፈጥራል፤ ስለዚህ ፖስት ነው። ዕጣ ማውጣት ደግሞ ሁለት ጊዜ ቢመጣ ጠብ ይፈጥራል። እሱም ፖስት ነው፣ ያውም ጥበቃ ያለው ፖስት።

ፓችን በጥንቃቄ ያዙት። የተወሰነ ክፍል ለማረም በመጋቢት 2010 እ.ኤ.አ. የጸደቀ ሜተድ ሲሆን፣ መድገሙ ጉዳት ያመጣ ወይም አያመጣ የሚወሰነው እናንተ በምትልኩት ይዘት ነው። «መዋጮውን 5000 ብር አድርገው» ቢደገም ችግር የለውም፤ «500 ብር ጨምርበት» ቢደገም 1000 ብር ይጨምራል። እኔ የመጀመሪያውን ዓይነት ብቻ ጻፉ እላለሁ።

ጌት ያነባል እንጂ አይነካም

የመጀመሪያው ኤችቲቲፒ፣ ቲም በርነርስ ሊ በ1991 እ.ኤ.አ. የገለጸው፣ ከጌት በቀር ሜተድ አልነበረውም። ዶክመንት ጠይቆ መቀበል ብቻ ነበር ዓላማው። ሄድና ፖስት በ1996ቱ 1.0 ሰነድ ውስጥ ሰፍረው የመጡ ናቸው። ጌት ዛሬም ያንኑ ሥራ ነው የያዘው።

ይህን ደንብ መናቅ ምን እንደሚያስከትል በግንቦት 2005 እ.ኤ.አ. በግልጽ ታይቷል። ጎግል «ዌብ አክሰለሬተር» የተባለ ፕሮግራም አወጣ። ፕሮግራሙ ኢንተርኔትን ለማፍጠን ሲል ተጠቃሚው ባለበት ገጽ ላይ ያሉትን ሊንኮች ገና ሳይጫኑ አስቀድሞ ይከፍት ነበር። ጌት ምንም አይለውጥም ተብሎ ስለተጻፈ ፕሮግራሙ ደንቡን አልጣሰም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ብዙ ዌብ አፕሊኬሽኖች «ሰርዝ» የሚለውን ሥራ በተራ ሊንክ አድርገውት ነበር። ሰዎች አካውንታቸው ውስጥ ገብተው ገጹን እያዩ ሳለ ፕሮግራሙ ሊንኮቹን ተራ በተራ ከፈታቸው፤ ያስቀመጡት ነገር ተሰረዘ። ቁጣው ጎግል ላይ ቢወርድም ጥፋቱ የሊንኮቹ ሠሪዎች ነበር።

ያ ፕሮግራም ዛሬ የለም፣ ያው ባሕርይ ግን በየቦታው አለ። የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ማጣሪያዎች መልእክት ውስጥ ያለ ሊንክ ቫይረስ እንዳለው ለማየት ተቀባዩ ሳይነካው ይከፍቱታል። ኢሜይል ውስጥ «ከዝርዝሩ ውጣ» የሚለው ሊንክ በጌት ብቻ ቢሠራ ማጣሪያው ሰውየውን ሳይጠይቅ ያስወጣዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው በአንድ ጠቅታ ከዝርዝር የመውጣት ደንብ ጥያቄው በፖስት እንዲላክ ያዘዘው ለዚህ ነው። ጃንጎም ከሲስተም መውጣትን በጌት መቀበል ትቷል፤ በ4.1 ስሪት አስጠንቅቆ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. በወጣው 5.0 ጨርሶ ዘጋው። ፕሮጀክታችሁን ወደ 5 ስታሸጋግሩ «ውጣ» የሚለው ሊንክ በድንገት 405 ቢመልስላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሊንኩን አንድ ቁልፍ ያለው የፖስት ፎርም አድርጉት።

ጌት የሚጠቅምበትን ቦታ ደግሞ አትሽሹ። ፍለጋና ማጣሪያ የጌት ናቸው። «ዙር 5ን ያልከፈሉ አባላት» የሚለው ገጽ በጌት ከተሠራ የእቁቡ ጸሐፊ ሊንኩን ለዳኛው በቴሌግራም ሊልክለት፣ ዳኛውም ያንኑ ገጽ ሊያየው ይችላል። በፖስት ከተሠራ ግን የሚላክ ሊንክ የለም፤ ገጹን ሪፍሬሽ ባደረጉ ቁጥርም ብራውዘሩ «ፎርሙ እንደገና ይላክ?» እያለ ያሰለቻቸዋል።

የአማርኛ ፍለጋ ላይ የሚገጥማችሁን አንድ ነገር ልጥቀስ። የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ አድራሻ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት የፐርሰንት ምልክት ያለበት ሦስት ቁምፊ ይሆናል። «አበበ» የሚለው ስም ሦስት ፊደል ቢሆንም አድራሻው ላይ 27 ቁምፊ ይወስዳል። ሲታይ ያስደነግጣል እንጂ ትክክል ነው፤ ፍሬምወርኩ ራሱ ይፈታዋል፣ እናንተ በእጃችሁ ለመፍታት አትሞክሩ። ሰርቨሮች ቢያንስ 8000 ባይት የሚደርስ አድራሻ እንዲቀበሉ የ2022ቱ የኤችቲቲፒ ሰነድ ይመክራል፤ ስለዚህ ለስም ፍለጋ ቦታው ሰፊ ነው። የይለፍ ቃል ግን በፍጹም በጌት አትላኩ። አድራሻ በብራውዘር ታሪክ ውስጥ ይቀራል፣ የሰርቨር ሎግ ላይም ይጻፋል።

ፍሬምወርኩ ራሱ እንዲከለክል አድርጉ

እዚህ ላይ ፍሬምወርኮች ይለያያሉ፤ የራሳችሁን ባሕርይ ማወቅ አለባችሁ።

ፍላስክ ጥንቁቅ ነው። ሜተድ ሳትጠቅሱ በ«ሩት» ዲኮሬተር አድራሻ ብትመዘግቡ የሚቀበለው ጌትን ነው፤ ሄድንና ኦፕሽንስን ራሱ ይጨምርላችኋል። ፖስት ቢመጣ 405 ይመልሳል። ፖስት ስትፈልጉ «ሜተድስ» የሚለው ዝርዝር ውስጥ ትጽፉታላችሁ። በ2021 እ.ኤ.አ. ከወጣው 2.0 ስሪት ወዲህ ደግሞ በአጭሩ «አፕ ነጥብ ጌት» እና «አፕ ነጥብ ፖስት» ብሎ ሁለት የተለያዩ ፈንክሽኖችን ለአንድ አድራሻ ማስመዝገብ ይቻላል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። አንዱ ፈንክሽን ፎርሙን ያሳያል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ኮዱን የሚያነብ ሰው «ይህ መስመር በየትኛው ሜተድ ጊዜ ነው የሚሠራው?» ብሎ አይጠይቅም።

ጃንጎ ላይ ግን ተጠንቀቁ። በፈንክሽን የተጻፈ ቪው ካልከለከላችሁት በቀር ማንኛውንም ሜተድ ይቀበላል። የተለመደው አጻጻፍ «ሜተዱ ፖስት ከሆነ መዝግብ፣ አለዚያ ፎርሙን አሳይ» የሚል ነው። «አለዚያ» የሚለው ቃል ውስጥ ጌት ብቻ ሳይሆን ፑትም፣ ዲሊትም፣ ፓችም አሉ። የሞባይል አፕ የሚሠራው ባልደረባችሁ በስህተት ፑት ቢልክ፣ ጥያቄው ከታች የምናየውን የሲኤስአርኤፍ ፍተሻ ካለፈ፣ ጃንጎ ፎርሙን አሳይቶ 200 ይመልስለታል። እሱም «ተሳክቷል» ብሎ ያልፋል፤ መዝገቡ ላይ ግን ምንም የለም። ይህን ዓይነት ስህተት ፈልጎ ማግኘት ቀን ይፈጃል።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ከቪው ፈንክሽኑ በላይ «ሪኳየር ኤችቲቲፒ ሜተድስ» የሚለውን ዲኮሬተር አስቀምጡና ጌትና ፖስትን ዘርዝሩ። ፖስት ብቻ ለሚቀበለው «ሪኳየር ፖስት»፣ ለማንበብ ብቻ ለሆነው «ሪኳየር ሴፍ» አለ። «ሪኳየር ሴፍ» ከ«ሪኳየር ጌት» ይሻላል፤ ጌትን ብቻ ሳይሆን ሄድንም ይፈቅዳልና። በክላስ የምትጽፉ ከሆነ ነገሩ ይቀልላል፦ ክላሱ ውስጥ «ጌት» እና «ፖስት» የተባሉ ሜተዶችን ብቻ ብትጽፉ፣ ያልጻፋችሁትን፣ ራሱ ከሚመልሳቸው ከሄድና ከኦፕሽንስ በቀር፣ ጃንጎ በራሱ በ405 ይመልሰዋል።

405 ሲባል ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ደንቡ ምላሹ «አላው» የተባለ ሄደር እንዲይዝና አድራሻው የሚቀበላቸውን ሜተዶች እንዲዘረዝር ያስገድዳል። ፍላስክና ጃንጎ ይህን ራሳቸው ይሞላሉ። በእጃችሁ 405 የምትመልሱ ከሆነ ግን አትርሱት፤ «አላው፦ ጌት፣ ሄድ» የሚለውን ያየ ዲቨሎፐር ስልክ ሳይደውልላችሁ ስህተቱን ያርማል።

ላራቬልም ለተሳሳተ ሜተድ 405 ይሰጣል። ኤክስፕረስ ግን ለአድራሻው ጌት ብቻ አስመዝግባችሁ ፖስት ቢመጣ የሚመልሰው 404 ነው፤ አድራሻው እያለ «የለም» ይላል። ኤክስፕረስ የምትጠቀሙ ከሆነ በእያንዳንዱ ራውት መጨረሻ «ኦል» በሚለው ሌላውን ሜተድ ሁሉ ያዙና ራሳችሁ 405 መልሱ።

ፎርም ተቀብላችሁ ገጽ አታሳዩ

መዋጮ የሚመዘግበው ፎርም ተሞልቶ በፖስት መጣ እንበል። ዳታው ጉድለት ካለበት ያንኑ ፎርም ከነስህተት መልእክቱ አሳዩ። ዳታው ትክክል ከሆነና ከተመዘገበ ግን «ተመዝግቧል» የሚል ገጽ በቀጥታ አትመልሱ፤ ወደ ሌላ ገጽ አዙሩት። በቀጥታ ከመለሳችሁ የብራውዘሩ የመጨረሻ ጥያቄ ያ ፖስት ነው፤ ተጠቃሚው ሪፍሬሽ ሲያደርግ ያው መዋጮ እንደገና ይላካል። ካዞራችሁት ግን የመጨረሻው ጥያቄ ጌት ስለሚሆን መቶ ጊዜ ሪፍሬሽ ቢደረግ ጉዳት የለውም።

የጃንጎም የፍላስክም «ሪዳይሬክት» ሳትነግሩት 302 ይልካል። ብራውዘሮች ከፖስት በኋላ 302 ሲያገኙ ወደ ጌት ስለሚቀይሩ ለተራ ፎርም ይሠራል። ትክክለኛው ቁጥር ግን 303 ነው፤ ትርጉሙም «ውጤቱን እዚያ ሄደህ በጌት እይ» የሚል ነው። ፍላስክ ላይ ኮዱን 303 ብላችሁ ማሳለፍ ትችላላችሁ። 307 እና 308 ሜተዱን ሳይለውጡ ያዛውራሉ፤ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙባቸው፣ ፖስቱን ይደግሙታልና።

ጃንጎ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። አድራሻው በእዝባር የሚያልቅ ሆኖ ፎርሙ ያለ እዝባር ቢልክ፣ ጃንጎ ወደ ባለ እዝባሩ አድራሻ ያዞረዋል፤ ብራውዘሩም በመንገድ ላይ ፖስቱን ጌት አድርጎ የሞላችሁትን ዳታ ይጥለዋል። ዲበግ ሲበራ ጃንጎ ስህተት አውጥቶ ይነግራችኋል፣ ሲጠፋ ግን ዝም ይላል። የፎርሙን አድራሻ በእጃችሁ ከመጻፍ ይልቅ «ዩአርኤል» በሚለው የቴምፕሌት ታግ እንዲሞላ አድርጉ።

ፖስት የሚቀበል ፎርም ሁሉ የሲኤስአርኤፍ ቶክን ይኑረው። ቶክኑ ጥያቄው ከእናንተው ገጽ መምጣቱን ያረጋግጣል። ጃንጎና ላራቬል ይህን አብረው ይዘው ይመጣሉ፤ ቶክን ሲጎድል ጃንጎ 403፣ ላራቬል 419 ይመልሳል። ፍላስክ በራሱ የለውም፤ ፍላስክ ደብሊውቲኤፍ የተባለውን ተጨማሪ ጫኑ። ልብ በሉ፦ ይህ ጥበቃ ጌትን አይመለከትም። ጌት ምንም አይለውጥም ተብሎ ስለታመነ ያለ ቶክን ያልፋል። መዋጮ የሚሰርዝ ጌት ካላችሁ፣ ሌላ ሰው በሠራው ገጽ ላይ የተለጠፈ አንድ ሊንክ የጸሐፊውን መዝገብ ሊያጠፋው ይችላል።

እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ አገልግሎቶች ክፍያ መፈጸሙን ወደ ሰርቨራችሁ በዌብሁክ ሲያሳውቁ ቶክናችሁ ስለሌላቸው 403 ወይም 419 ይገጥማቸዋል። ያኔ ጥበቃውን ለዚያ አንድ አድራሻ ብቻ አንሱና በምትኩ የላኪውን ፊርማ በሚስጥር ቁልፋችሁ አረጋግጡ። «ስላስቸገረኝ» ብሎ የፕሮጀክቱን ጥበቃ በሙሉ የሚያጠፋ ሰው የእቁቡን ካዝና ክፍት ትቶ እንደሄደ ነው።

ሁለቴ የተጫነ ቁልፍ

የዚህ መመሪያ ልብ ይህ ክፍል ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ጸሐፊው እሑድ ከሰዓት እቁቡ የሚጣልበት ቤት ተቀምጧል። ኔትወርኩ ደካማ ነው። የአንድ አባል 5000 ብር ተቀብሎ ስልኩ ላይ «መዝግብ» የሚለውን ይጫናል። ጥያቄው ሰርቨሩ ይደርሳል፣ ዳታቤዙ ላይ ይጻፋል፣ ሰርቨሩም 302 ይመልሳል። ምላሹ ግን ስልኩ ጋ ሳይደርስ ኔትወርኩ ይቋረጣል። ጸሐፊው የሚያየው የሚሽከረከር ክብ ብቻ ነው። ትንሽ ይጠብቅና እንደገና ይጫናል። በዚህ ጊዜ ይሳካል። የሰርቨሩ ሎግ ላይ በሰከንዶች ልዩነት ሁለት የፖስት መስመር አለ፣ ሁለቱም 302፣ ሁለቱም ጤነኛ። መዝገቡ ላይ ሰውየው 10,000 ብር ከፍሏል። ካዝናው ውስጥ ያለው ግን 5000 ነው።

ስህተቱን የሠራው ማንም የለም። ጸሐፊው ማድረግ ያለበትን አደረገ፣ ሰርቨሩም እንዲሁ። ከላይ ያልነው አዙሮ መመለስም አላዳነውም፤ እሱ የሚከላከለው ሪፍሬሽን እንጂ የጠፋ ምላሽን አይደለም። ቁልፉን አንዴ ሲጫኑት በጃቫስክሪፕት እንዲደበዝዝ ማድረግም ደህና ነው፣ ግን አይበቃም፤ ገጹ እንደገና ሲከፈት ቁልፉ ይበራል።

ሁለት መፍትሔ አለ። የመጀመሪያው ለፖስት የሚሆን ነው። ፎርሙ በጌት ሲከፈት ሰርቨሩ የማይደገም መለያ፣ ለምሳሌ ዩዩአይዲ፣ ፈጥሮ በስውር ፊልድ ያስቀምጥ። ፖስቱ ሲመጣ መለያው ከመዋጮው ጋር አብሮ ይመዝገብ፤ ዳታቤዙ ላይም ያ ኮለም «ዩኒክ» ይሁን። ያው ፎርም ሁለተኛ ጊዜ ሲላክ ዳታቤዙ እምቢ ይላል። ያኔ «ስህተት» የሚል ቀይ መልእክት አታሳዩ፤ በዚያ መለያ የተመዘገበውን መዋጮ ፈልጋችሁ እንደተሳካ ሁሉ ወደዚያው ገጽ አዙሩት። ለጸሐፊው ሁለቱም ጭነት አንድ ውጤት ነው፣ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። የክፍያ አገልግሎቱ ስትራይፕ በኤፒአዩ የሚቀበለው የአይደምፖተንሲ ቁልፍ የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው።

«መጀመሪያ አለ ወይ ብዬ ላይ፣ ከሌለ ልጻፍ» የሚለው አካሄድ ብቻውን አያዛልቅም። ሁለት ጥያቄ በአንድ ቅጽበት ከገቡ ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ አግኝተው ሁለቱም ይጽፋሉ። ውሳኔውን ለዳታቤዙ ስጡት። በጃንጎ «ጌት ኦር ክሬት»ን ብትጠቀሙም ፊልዱ ዩኒክ መሆኑን አረጋግጡ፤ አለዚያ ዋስትና የለውም።

ሁለተኛው መፍትሔ ከአድራሻው ይጀምራል፤ እኔ የበለጠ የምወደው እሱን ነው። እቁብ ላይ አንድ አባል በአንድ ዙር የሚከፍለው አንድ መዋጮ ነው። ስለዚህ መዋጮው ከመመዝገቡ በፊትም ስም አለው፦ የዙር 5፣ የአባል 12 መዋጮ። አድራሻውን «ዙር፣ 5፣ መዋጮ፣ 12» ብላችሁ ሥሩትና «በዚህ ቦታ ላይ 5000 ብር አስቀምጥ» ብላችሁ በፑት ላኩ። አሥር ጊዜ ቢላክ ያው ቦታ ላይ ያው 5000 ብር ይጻፋል። ዳታቤዙም ዙርና አባል ተጣምረው ዩኒክ እንዲሆኑ ይደረግ። መለያ መፍጠርም ሆነ መፈለግ አላስፈለገም፤ የሥራው ሕግ ራሱ መለያ ሆነ። አንዳንድ ሲስተም ላይ እንዲህ ያለ ተፈጥሯዊ ስም አይገኝም፤ ሲገኝ ግን አትለፉት።

ፑት፣ ፓች እና ዲሊት ከብራውዘር ሲመጡ

ኤችቲኤምኤል ፎርም መላክ የሚችለው ጌትና ፖስት ብቻ ነው። ፎርሙ ላይ ዲሊት ብላችሁ ብትጽፉ ብራውዘሩ ሳያጉረመርም ጌት አድርጎ ይልከዋል። ስለዚህ ሦስት ምርጫ አላችሁ። አንዱ «አባል፣ 12፣ ሰርዝ» የሚል የራሱ አድራሻ ሠርታችሁ በፖስት መላክ፤ ገጾቻችሁን ሰርቨሩ የሚያዘጋጃቸው ከሆነ ይህ ምንም ነውር የለበትም። ሁለተኛው ላራቬልና ሬይልስ የሚያደርጉት ነው፦ ፎርሙ በፖስት ይላካል፣ ውስጡ ግን እውነተኛውን ሜተድ የሚናገር ስውር ፊልድ አለ፣ ፍሬምወርኩም ያንን አንብቦ ወደ ትክክለኛው ራውት ይመራዋል። ሦስተኛው በጃቫስክሪፕት «ፌች» መላክ ነው።

በፌች ስትልኩ ሁለት ነገር አስተውሉ። ፌች ጌትን፣ ፖስትን፣ ፑትንና ዲሊትን በትንንሽ ፊደል ብትጽፏቸውም ወደ ትላልቅ ፊደል ይቀይርላችኋል፤ ፓችን ግን አይቀይርም። ሜተድ ደግሞ የፊደል መጠን ይለያል። በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ፓች ሰርቨሩ የማያውቀው ሜተድ ሆኖ ይወድቃል፤ ሁልጊዜ በትላልቅ ፊደል ጻፉት።

ሁለተኛው የበለጠ አደገኛ ነው። 302 ሲመጣ ፌች ወደ ጌት የሚቀይረው ፖስትን ብቻ ነው። አባል 12ን በዲሊት ሰርዛችሁ ሰርቨሩ በ302 ወደ «አባላት» ቢያዞራችሁ፣ ብራውዘሩ «አባላት» የሚለውን አድራሻ በዲሊት ይጠይቃል። ያ አድራሻ ዲሊትን የሚቀበል ቢሆን ምን እንደሚከተል አስቡት። ከዲሊት በኋላ ወይ ባዶ ምላሽ በ204 መልሱ፣ ወይ በ303 አዙሩ።

የዳታው አነባበብም ይለያል። በጃንጎ «ሪኩዌስት ነጥብ ፖስት» የሚሞላው ጥያቄው ፖስት ሆኖ ይዘቱም የፎርም ዳታ ሲሆን ብቻ ነው። በፑት የመጣ ወይም በጄሰን የተጻፈ ዳታ እዚያ አይገኝም፤ «ሪኩዌስት ነጥብ ቦዲ»ን አንብባችሁ ራሳችሁ መተርጎም አለባችሁ። ፍላስክ ላይ ጄሰን የሚነበበው በ«ጌት ጄሰን» ነው። በፖስት አዲስ ነገር ሲፈጠር ለኤፒአይ ደንበኛ 201 መልሱና የአዲሱን ነገር አድራሻ «ሎኬሽን» በሚለው ሄደር ላይ አስቀምጡ።

ሄድ እና ኦፕሽንስ

ሄድ የጌትን ሄደሮች ብቻ ያመጣል፣ ይዘት የለውም። ሳይቱ መኖሩን በየጊዜው የሚያጣሩ አገልግሎቶች ይጠቀሙበታል፤ ፍሬምወርካችሁ ስለሚመልስላችሁ አትንኩት።

ኦፕሽንስ የሚያስቸግረው ፍሮንትኤንዱና ኤፒአዩ በተለያየ ዶሜን ላይ ሲሆኑ ነው። ብራውዘሩ ፑት፣ ፓች ወይም ዲሊት ከመላኩ በፊት፣ እንዲሁም ጄሰን ወይም የኦቶራይዜሽን ሄደር ያለበትን ጥያቄ ከመላኩ በፊት፣ በኦፕሽንስ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ የመግቢያ ቶክን አይይዝም። ስለዚህ ቶክን የሚፈትሸው ሚድልዌራችሁ ቀድሞ 401 ቢመልስ ዋናው ጥያቄ ጨርሶ አይላክም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የዲሊት ኮዱን ሲፈትሽ ይውላል። ለዚህ የኦፕሽንስ ጥያቄ የሚመልሰውን የሲኦአርኤስ (ኮርስ) ሚድልዌራችሁን ከመግቢያ ፍተሻው በፊት አስቀምጡት።

ከማስረከባችሁ በፊት ሞክሩት

ለእያንዳንዱ አድራሻ የተፈቀደውን ሜተድ ብቻ ሳይሆን ያልተፈቀደውንም ላኩ። ከርል የሚባለው የተርሚናል መሣሪያ ማንኛውንም ሜተድ ይልክላችኋል፣ ሄደሩንም ያሳያል። በጃንጎ የቴስት ደንበኛ ደግሞ «ዕጣ ማውጫውን በጌት ጠይቅ፣ 405 ይምጣ» የሚል ቴስት በሁለት መስመር ይጻፋል። ይህች ቴስት ወደፊት ሌላ ሰው «ለመሞከር እንዲመቸኝ» ብሎ ጌት ቢከፍት ወዲያው ታጋልጠዋለች። የቴስት ደንበኛው የሲኤስአርኤፍ ጥበቃን ካልነገራችሁት በቀር እንደማይፈትሽም እወቁ፤ ቴስቱ አልፎ ብራውዘሩ ላይ 403 የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ደንበኛውን ስትፈጥሩ «ኢንፎርስ ሲኤስአርኤፍ ቼክስ» የሚለውን አብሩት።

ከዚያ ያው መዋጮ፣ በዚያው መለያ፣ ሁለት ጊዜ እንዲላክ አድርጉና የዳታቤዙን ረድፍ ቁጠሩ። አንድ መሆን አለበት።

አሁን በእጃችሁ ያለውን ፕሮጀክት ክፈቱና «ሰርዝ»፣ «አጽድቅ»፣ «ውጣ» የሚሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ ተመልከቱ። ከመካከላቸው ተራ ሊንክ ሆኖ የተጻፈ ካገኛችሁ ለነገ ሳትሉ ወደ ፖስት ቀይሩት።